ስለ ኮሎኝ ከተማ ቤተ መዘክርና ስለ ቄስ ፈርዲናንድ ፍራንትስ ቫልራፍ ኑዛዜ

በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር ኮሎኝ የምትባል ከተማ አለች። የቈረቈሯት ሮማውያን ናቸው፤ ስሟም ሰፈራ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። በክርስትና ዘመን ግን ዝናዋ የተሰማው ስለ አብያተ ክርስቲያናቷ ብዛት ነው፤ ይልቁንም ለጌታችን እጅ መንሻ ያቀረቡት የሰብአ ሰገል ዐፅም በካቴድራሏ ውስጥ በወርቅ ሣጥን ተቀምጧል ስለሚባል፣ ከሩቅም ከቅርብም ተሳላሚ ሲጐርፍባት ኖሯል። ይኸው ካቴድራል በ1248 ተዠምሮ በ1880 ተፈጸመ፤ ሥራው ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ስለ ነበረ ከመዠመሪያው እስከ ፍጻሜው 632 ዓመት መኾኑ ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚነገረው ዘመን ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መኾኑን አንባቢ ያስተውል።

የዚህችን ከተማ ቤተ መዘክር የመሠረተው ንጉሥ አይደለም፤ መስፍንም ባለጠጋም አይደለም። ከልብስ ሰፊ ቤት የተወለደ አንድ ቄስ ነው።

ፈርዲናንድ ፍራንትስ ቫልራፍ በ1748 በኮሎኝ ተወለደ። ትምህርት ቶሎ የሚገባው ልጅ ስለ ነበረ በተማሪ ቤት ተመሰገነ፤ ነገር ግን ገንዘብ ስላጣ ትምህርቱን እንደ ልቡ ለመግፋት አልቻለም፤ ስለዚህም ገና በወጣትነቱ ልጆችን እያስተማረ በዚያች ደመወዝ ይኖር ዠመር። በ1772 ማዕርገ ቅስና ተቀበለ። ከዚህ በኋላ ዮሐን ጌኦርግ ሜን የሚባል ሐኪም ወዳጅ ኾኖ ረዳው፤ በእርሱም ርዳታ የዕፀዋትንና የተፈጥሮን ትምህርት አስፍቶ ተምሮ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት መምህር ኾነ፤ በ1793 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሊቀ መምህራን ኾኖ ተመረጠ። ቄስ ኾኖ ሳለ ስለ ቅጠልና ስለ ሥር ማስተማሩ ለማንም እንግዳ አይምሰለው። በዚያ ዘመን ሊቅ የሚባል ሰው አንዱን ብቻ ዐውቆ ሌላውን ቢተው እንደ ጕድለት ይቈጠርበት ነበር። ቫልራፍም ድንጋዩንና ሳንቲሙን፣ ሥዕሉንና መጽሐፉን ኹሉንም በአንድነት ይወድ ነበር፤ ይህም ፍቅሩ ለቤቱ ኹከት፣ ለከተማው ግን ሀብት ኾነ።

በ1794 የፈረንሳይ ሪፑብሊክ ጭፍራ ኮሎኝን ያዘ። ወዲያውም ለቤተ ክርስቲያን የመከራ ዘመን ተዠመረ። በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነበረው፣ ሐዋርያው ቍልቍሊት ሲሰቀል የሚያሳየው የታላቁ ሠዓሊ የፔተር ፓውል ሩበንስ ሥዕል ተነቅሎ ወደ ፓሪስ ተወሰደ። ሩበንስ የልጅነቱን ወራት በኮሎኝ ያሳለፈ ሰው ነበረና የሥዕሉ መወሰድ ለከተማው ሰው እጥፍ ሐዘን ኾነበት። የሰብአ ሰገልን ሣጥን ግን ካህናቱ ከከተማ አውጥተው ስላሸሹት ከዘረፋ ዳነ። ያላለቀው ካቴድራልም የጭፍራ ዕቃ ማከማቻ እስከ መኾን ደረሰ። በ1798 ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ቫልራፍም ፈረንሳውያን በምትኩ ባቆሙት ተማሪ ቤት ያስተምር ዠመር።

ከዚህ ኹሉ የከፋው በ1802 የወጣው ዐዋጅ ነው። በዚህ ዐዋጅ በራይን ግራ ዳር ያሉት ገዳማትና ማኅበረ ካህናት፣ ሕመምተኛ ከሚያስታምሙትና ልጆች ከሚያስተምሩት ከጥቂቶቹ በቀር፣ ተበተኑ፤ ርስታቸውና ንዋያቸውም የመንግሥት ገንዘብ ተባለ። አንድ ገዳም ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ካህን ለኾነ አንባቢ በብዙ ቃል መንገር አያስፈልግም። ብሩ ይቀልጣል፤ ጣውላው ለአናጢ ይሸጣል፤ መጽሐፉ ከመደርደሪያው ወርዶ በዝናም ይበሰብሳል። የናቡከደነፆር ጭፍራ ንዋየ ቅድሳቱን ወደ ባቢሎን በወሰደ ጊዜ እንኳ ዕቃው በቍጥር ተይዞ ነበርና በኋላ በቍጥር ለመመለስ ተችሏል። በኮሎኝ ግን ብዙው ነገር ሳይቈጠር ጠፋ።

ያን ጊዜ የኾነውን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1804 ሱልፒትስ ቧስሬና ሜልኪዮር ቧስሬ የተባሉ የነጋዴ ልጆች ኹለት ወንድማማች ከወዳጃቸው ጋራ ዐዲሱ ገበያ በሚባለው አደባባይ ሲያልፉ፣ አሮጌ ዕቃ የተጫነበት ቃሬዛ ሰዎች ይዘው ሲሄዱ አዩ። ከዕቃውም መካከል የቅዱሳኑ ወርቅ አክሊለ ብርሃን ከሩቅ የሚያበራ አንድ ሥዕል ነበረ፤ ጌታችን መስቀሉን ተሸክሞ ሲሄድ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ፣ ቬሮኒካም ስትቀበለው የሚያሳይ። ወንድማማቹ ሥዕሉን ገዝተው ወደ ቤታቸው አስገቡት፤ ትልቁ ስብስባቸውም በዚሁ ተዠመረ። የመንበር ጌጥ የነበረ ነገር በቃሬዛ ተጭኖ በገበያ ሲያልፍ፣ ያ ቀን ለጣይ ኀዘን ለአንሺም ትርፍ ነበረ።

ቫልራፍ ግን ከእነዚህ ወጣቶች አስቀድሞ መሰብሰብ ዠምሮ ነበር። ገንዘቡ ጥቂት፣ ቤቱም ጠባብ ነበረ። ሥዕል ሲያገኝ ይገዛል፤ ገንዘብ ሲያጣ ያለውን ዕቃ በሌላ ይለውጣል፤ ሲፈርስ ካየው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመስኮቱን የመስታወት ሥዕል ሳይቀር ለማዳን ይደክማል። የሮማውያን ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ ይወስዳል፤ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ሲያይ አያልፍም፤ ጥሩውን ከመናኛው ሳይለይ ኹሉን ያስገባል። ከተማው የካቴድራሉን አለቃ ቤት መኖሪያ አድርጎ ስለ ተወለት በዚያ ይኖር ነበር፤ ግን ክፍሎቹ ኹሉ እስከ ጣራ ድረስ በዕቃ ተሞልተው ለሰው መቀመጫ አልቀረም።

በ1815 የጀርመን ታላቅ ባለቅኔ ጎተ ወደ ኮሎኝ መጥቶ ይህን ጐበኘ። በኋላም በራይንና በማይን ወንዝ አገር ስላለው ጥንታዊ ሥራ በጻፈው ጽሕፈት የቫልራፍን ትጋት አመስግኖ፣ ሥርዐት ማጣቱን ግን ሳይሸሽግ ነቀፈ። ይህ ሰው ዘመኑን ኹሉ ሲያከማች ኖሮ የሚያደራጅበት ጊዜ ያጣ ነው ማለቱ ነው። ነቀፌታው እውነት ነው። ኾኖም ቤት ሲቃጠል ዕቃ የሚያወጣ ሰው በየወገኑ እየለየ አያወጣም፤ ያገኘውን ይዞ ወደ ውጪ ይሮጣል እንጂ።

በዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ጥያቄ አለ። ቫልራፍ የሰበሰበው የመንበርና የገዳም ሀብት ነው። ለጸሎትና ለስግደት የተሣለ ሥዕል በአንድ ሰው ቤት ሲከማች፣ የሚያየውም ተሳላሚ መኾኑ ቀርቶ ጐብኚ ሲኾን፣ የጠፋ ነገር የለምን? አለ። ሥዕሉ ቢድንም ማኅበሩ አልዳነም፤ በፊቱ የሚበራው መቅረዝና የሚነበበው ጸሎት አልተመለሰም። ደግሞም ከተበተነው ገዳም ዕቃ ወደ ቫልራፍ ቤት የገባው እያንዳንዱ በምን መንገድ እንደ ገባ ተመርምሮ አያልቅም። ነገር ግን ሌላው ምርጫ ሥዕሉን ወደ መንበሩ መመለስ አልነበረም፤ መንበሩ ፈርሷልና። ምርጫው ከቫልራፍ ቤትና ከሻጭ ቃሬዛ ነበር። ቫልራፍም ቢኾን ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት የሚቻለው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ የሚፈቅድ ሰው ነበረ። በከተማው ምክር ቤት ጸሎት ቤት የነበረው፣ እስጢፋኖስ ሎኽነር የሣለው የሰብአ ሰገል ሥዕል በፈረንሳይ ዘመን ተሸሽጎ ኖሮ በ1810 ወደ ካቴድራሉ ሲገባ፣ ከደገፉት ወገን ኾኖ ስለ ሥዕሉ ክብር ጽፏል። ከስደት የተመለሰውን የሰብአ ሰገልን ሣጥን በማሳደስም ድርሻ ነበረው። የሩበንስ ሥዕልም ናፖሌዎን ከወደቀ በኋላ በ1815 ኤበርሃርት ደ ግሮተ የሚባል የኮሎኝ ተወላጅ ከፕሩስያ ጭፍራ ጋራ ወደ ፓሪስ ገብቶ ባደረገው ትጋት ከፓሪስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሷል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን በኮሎኝ የሰበሰበው ቫልራፍ ብቻ እንዳልነበረ አይተናል። የቧስሬ ወንድማማቾች ከእርሱ ይልቅ ባለጠጎችና መራጮች ነበሩ፤ ከብዙው መልካሙን ያወጡ ነበር። ባሮን ሂፕሽ የተባለ ሌላ ሰብሳቢም የብራና መጻሕፍት፣ የዝሆን ጥርስ ቅርጽና የተፈጥሮ ዕቃ በቤቱ አከማችቶ ብዙ እንግዳ ይጐበኘው ነበር። የሦስቱንም ፍጻሜ አስተያይቶ ማየት ነገሩን ይገልጸዋል። ሂፕሽ በ1805 ሲሞት ስብስቡን ለሄሰን ዳርምሽታት መስፍን አወረሰ፤ ዕቃውም ከኮሎኝ ወጥቶ ወደ ዳርምሽታት ሄደ፤ ዛሬም በዚያ ነው። የቧስሬ ወንድማማቾች በ1810 ስብስባቸውን ይዘው ወደ ሃይደልበርግ ሄዱ፤ በ1827 ከ200 የሚበልጡትን ሥዕሎቻቸውን ለባቫሪያ ንጉሥ ለሉድቪግ ቀዳማዊ በ240,000 ጉልደን ሸጡ። እነዚያም ሥዕሎች በሙኒክ ለሚገኘው ታላቅ የሥዕል ቤት ጌጥ ኾነዋል። ወንድማማቹን መውቀስ አይገባም፤ ንጉሡ ሥዕሎቹን በክብር አኑሯቸዋል። ግን የኮሎኝ ልጅ የአባቶቹን ሥራ ለማየት ወደ ሙኒክ መጓዝ አለበት።

ቫልራፍ በ1818 በግንቦት ወር ኑዛዜውን ጻፈ። ያለውን ኹሉ፣ ሥዕሉንም መጽሐፉንም ድንጋዩንም፣ ለኮሎኝ ከተማና ለሕዝቧ አወረሰ። የጨመረው ማሰሪያ ደግሞ አንድ ነው፤ ይኸውም ስብስቡ ለጥበብና ለዕውቀት ጥቅም ለዘለዓለሙ በዚያችው ከተማ ይኑር የሚል ነው። ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስሙ፣ ስለ መቃብሩና ስለ ዘመዶቹ ብዙ ይናገራል፤ የዚህ ኑዛዜ ኀይል ግን በዚች አንዲት ማሰሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የፕሩስያ መንግሥት የራይንን አገር ዩኒቨርሲቲ በቦን አቆመ፤ ቫልራፍ የከተማውን አሮጌ ዩኒቨርሲቲ ለማስመለስ የደከመው ድካም ከንቱ ቀረ። የትምህርቱ ቤት ከኮሎኝ ቢወጣ የጥበቡ ዕቃ በኮሎኝ እንዲቀር በሕግ ታሰረ።

ከተማው ለቫልራፍ የዕድሜ ልክ ጡረታ ቈረጠለት። ሽማግሌው ግን ገንዘቡን ሲያገኝ ለልብሱና ለምግቡ አላደረገውም፤ ሌላ ጥንታዊ ቅርጽ ይገዛበት ዠመር። ከዚህም የተነሣ ሹማምንቱ ይሥቁም ይቈጡም ነበር ቢባል ሐሰት አይመስልም። በ1823 ግን ከተማው በአደባባይ አክብሮ የዜጎች አለቃ የሚል ማዕርግ ሰጠው። በተከታዩ ዓመት በ1824 በመጋቢት ወር ዐረፈ።

ከሞተ በኋላ ዕቃው ተቈጠረ፤ ሰውም ተደነቀ። ከ1,600 የሚበልጡ ሥዕሎች፣ ከ38,000 የሚበልጡ በመዳብ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች፣ በእጅ የተጻፉ ከ500 የሚበልጡ መጻሕፍት፣ ማተሚያ በተፈጠረበት በመዠመሪያው ዘመን የታተሙ ከ1,000 የሚበልጡ መጻሕፍት፣ ከ13,000 የሚበልጡ ሌሎች መጻሕፍት ተገኙ። ሳንቲሙ፣ ድንጋዩ፣ መሣሪያው፣ ቅርጹ ከዚህ ቍጥር ውጪ ነው። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ መናኛ መኾናቸው በኋላ ታወቀ፤ ግን ከመናኛው መካከል ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው የኮሎኝ ቀደምት ሠዓሊዎች ሥራ ነበረበት።

ይህን ኹሉ የማደራጀት ሥራ ለማትያስ ዮሴፍ ደ ኖኤል ደረሰው። እርሱ ሠዓሊ ነበረ፤ የቫልራፍም ደቀ መዝሙርና ወዳጅ ነበረ። በአገራችን የደብር ዕቃ ቤት የተረከበ ሰው የመዠመሪያው ዓመት ሥራው ምን እንደ ኾነ ያውቃል፤ ቈጥሮ መጻፍ፣ አቧራ ማራገፍ፣ የማን እንደ ኾነ መጠየቅ ነው። ደ ኖኤልም እንዲሁ አደረገ። ስብስቡ በከተማው በአንድ አሮጌ ቤት ተደርድሮ በ1827 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ሰውም ቫልራፍያኑም አለው። ቧስሬዎች ሥዕላቸውን ለንጉሡ የሸጡበት ያው ዓመት ነው።

ነገር ግን ያ ቤት ጠባብና ለሥዕል የማይመች ነበረ። ከተማውም ውርሱን ተቀብሎ ለሚገባው ሕንጻ ገንዘብ ሳያወጣ ከ20 ዓመት በላይ ቈየ። ስጦታን መቀበልና ለስጦታ ቤት መሥራት ኹለት ነገር መኾኑ በዚህ ታየ። በመጨረሻ የተነሣው ዮሐን ሃይንሪህ ሪሃርትስ የሚባል የቈዳ ነጋዴ ነው። በ1854 ለቤተ መዘክር ሕንጻ 100,000 ታለር ሰጠ፤ ሥራው ሲገፋም ደጋግሞ ጨመረ፤ የሰጠው ጠቅላላ ከ200,000 ታለር በላይ ኾነ። ቦታው ቀድሞ የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ገዳም የነበረበት ስፍራ ነው፤ ስለዚህ የተበተኑት ገዳማት ሥዕል በፈረሰ ገዳም ምድር ላይ ቤት አገኘ። የመሠረቱን ድንጋይ በ1855 የፕሩስያ ንጉሥ ፍሪድሪህ ቪልሄልም ራብዓይ አኖረ። ሕንጻው በ1861 በጁላይ ወር ተከፈተ፤ ሪሃርትስ ግን በዚያው ዓመት በኤፕሪል ሞቶ ነበርና ምረቃውን አላየም። ስለዚህ ቤቱ እስከ ዛሬ ቫልራፍ ሪሃርትስ ቤተ መዘክር ተብሎ በኹለቱ ስም ይጠራል። ኹለቱም መላተን በሚባለው የከተማው መካነ መቃብር በአንድነት ተቀብረዋል። ይህ መካነ መቃብር ቀድሞ የለምጻሞች መጠለያ የነበረበት ስፍራ ነው፤ በ1810 ሲከፈት እንዴት ይኹን የሚለውን ዕቅድ ያወጣው ቫልራፍ ራሱ ነበረ።

በቤተ መዘክሩ ካሉት ሥዕሎች አንዱ የመበተኑን ነገር ከማናቸውም ይልቅ ይናገራል። ሎኽነር የሣለው የዕለተ ደይን ሥዕል ነው፤ ከቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን እንደ ወጣ ይታመናል፤ ያም ቤተ ክርስቲያን ፈርሷል። በመካከሉ ጌታችን በቀስተ ደመና ተቀምጦ ሲፈርድ፣ እመቤታችንና ዮሐንስ መጥምቅ ተንበርክከው ሲለምኑ፣ ከታች በቀኝ ወገን ጻድቃን ወደ ገነት ደጅ ሲገቡ፣ በግራ ወገን ኀጥኣን በአጋንንት ሲጐተቱ ይታያል። ሥዕሉ እንደ መስኮት የሚከፈቱና የሚዘጉ ኹለት ክንፎች ነበሩት፤ በውስጥ ገጻቸው የዐሥራ ኹለቱ ሐዋርያት ሰማዕትነት፣ በውጭ ገጻቸው ቅዱሳን ተሥለው ነበር። ገበያው በመጣ ጊዜ ክንፎቹ በመጋዝ ተሰነጠቁ፤ ከአንድ ሳንቃ ኹለት ሥዕል ተደረገ። ዛሬ ሐዋርያቱ በፍራንክፈርት፣ ቅዱሳኑ በሙኒክ፣ ፍርዱ ደግሞ በኮሎኝ ነው። በኮሎኝ የቀረው ክፍል ፊት የቆመ ሰው ከቀኙና ከግራው ምን እንደ ጐደለ ያያል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1943 የሪሃርትስ ሕንጻ በቦምብ ፈረሰ። ብዙው ሥዕል ቀድሞ ወጥቶ ስለ ነበረ ተረፈ። በ1957 በዚያው ስፍራ ዐዲስ ሕንጻ ተሠራ፤ በ1986 ስብስቡ ወደ ካቴድራሉ አጠገብ ተዛወረ፤ ከ2001 ዠምሮ ደግሞ በከተማው ምክር ቤት አጠገብ በተሠራው ቤት ይገኛል። የሮማውያን ድንጋይና ቅርጽ በ1946 ራሱን ችሎ ለቆመው ለሮማውያንና ጀርመናውያን ቤተ መዘክር ተከፈለ፤ የታተሙት መጻሕፍት ወደ ከተማውና ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ከአንድ ቄስ ቤት የወጣው ዕቃ እንዲህ ብዙ ቤት ሞላ፤ ከከተማው ግን አልወጣም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1919 እንደ ገና ተከፍቷል።

በእጅ የተጻፉት መጻሕፍቱ ለከተማው የታሪክ መዝገብ ቤት ተሰጥተው ነበር፤ እስከ ዛሬም በስሙ በተለየ ክፍል ይቈጠራሉ። በ2009 በማርች 3 ቀን፣ በአጠገቡ የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ ሲቈፈር፣ ያ መዝገብ ቤት በድንገት ወደ ጕድጓዱ ተደረመሰ፤ በጎረቤት ቤት የነበሩ ኹለት ሰዎችም ሞቱ። የሺህ ዓመት ጽሕፈት ከጭቃና ከስሚንቶ ፍርስራሽ ጋራ ተቀላቀለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ከብዙ አገር የመጡ ረዳቶች ለወራት በእጃቸው እየፈለጉ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀውንም እያወጡ፣ አብዛኛውን አገኙ። የረጠበው ብራናና ወረቀት እንዳይሻግት በብርድ ተይዞ በልዩ መሣሪያ እንዲደርቅ ተደረገ። በ2021 ለመዝገቡ ዐዲስ ቤት ተከፍቷል፤ በዚያም ጠጋኞች ቅጠሉን ከቅጠሉ እየለዩ፣ የተቀደደውን እየጠገኑ፣ የትኛው ቍራጭ የየትኛው መጽሐፍ እንደ ኾነ እየፈለጉ ይሠራሉ፤ ሥራውም ገና ብዙ ዓመት ይፈልጋል።